ፖቶማክን ሲሻገሩ ህጉም ይለወጣል

ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ በ495 ሀይዌይ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ለመድረስ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። መሀል ላይ የፖቶማክ ወንዝ አለ። ድልድዩን ስትሻገሩ ምንም የተለወጠ ነገር አይታያችሁም። ያው አስፋልት፣ ያው ትራፊክ፣ ያው የሀበሻ ምግብ ቤት። ህጉ ግን ተለውጧል።

«አሜሪካ ህጉ እንዲህ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ «የቱ አሜሪካ?» ብላችሁ ጠይቁት። የቤት ውስጥ ጥቃት፣ ሰውን እየተከታተሉ ማስጨነቅ፣ አስገድዶ መድፈር፣ እነዚህ በአብዛኛው የስቴት ህግ ጉዳይ ናቸው። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ትርጉም ጽፏል። የሚታየው ደግሞ የምትኖሩበት ቦታ አይደለም። ድርጊቱ የተፈጸመበት ነው። ሜሪላንድ የምትኖር ሴት ቨርጂኒያ ፓርኪንግ ውስጥ ከተመታች፣ ክሱ በቨርጂኒያ ህግ ነው የሚታየው። ዲሲ ስቴት ሳትሆን ሦስተኛ የራሷ ህግ አላት፤ እሷን ለሌላ ቀን እንተዋት።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ከፍርድ ቤት የመጣ ወረቀት «እስቲ ምን ይላል?» እየተባልኩ የማነብ ሰው ነኝ። ከዚህ ንባብ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ህግ «በደል ደርሶብሻል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «አንቀጹ ላይ ያሉት ቃላት ተሟልተዋል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። እኛ ጥቃት ስንል ደም፣ የወለቀ ጥርስ፣ የጠቆረ ዓይን ነው ትዝ የሚለን። ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ነው። አንዳንዴ ከግምታችን ይሰፋል። አንዳንዴ ደግሞ ባልጠበቅነው ቦታ ይጠባል።

የአክስት ልጅ ዘመድ ነው?

የቤት ውስጥ ጥቃት ለመባል መጀመሪያ «የቤት» መሆን አለበት። ቨርጂኒያ ቤተሰብ የምትላቸውን ዘርዝራ ጽፋለች። ባልና ሚስት፣ ተለያይተው ቢኖሩም። የተፋቱም። እናት አባት፣ ልጅ፣ እህት ወንድም፣ አያት፣ የልጅ ልጅ፣ የእንጀራ እናትና አባት፣ የትም ይኑሩ የት። ልጅ አብረው የወለዱ፣ ተጋብተው ባያውቁም። እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ፣ ወይም ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የኖሩ። አማት፣ አማች፣ ምራት ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ ከሆኑ ብቻ።

ዝርዝሩን እንደገና እዩት። የአክስት ልጅ የለም። አጎትም የለም። ለኛ የአክስት ልጅ እህት ማለት ናት። ለቨርጂኒያ ግን፣ በዚህ ጉዳይ፣ እንደ ጎረቤት ነች። ወንዝ ማዶ ሜሪላንድ፣ የጥበቃ ትዕዛዝ (አጥቂው እንዳይጠጋ የሚከለክል የፍርድ ቤት ወረቀት) ለሚጠይቅ ሰው በደም፣ በጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ ዘመድ መሆን ይበቃዋል። የፍቅር ጓደኛም ላይ ልዩነት አለ። አብረው ሳይኖሩ የሚፋቀሩ፣ ልጅም የሌላቸው ሰዎች በቨርጂኒያ ዝርዝር ውስጥ ለዓመታት ቦታ አልነበራቸውም። ሜሪላንድ ግን ባለፈው 1 ዓመት ውስጥ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የነበራቸውን ታስገባለች። እነዚህ ዝርዝሮች በየጊዜው ይነካካሉ። ቨርጂኒያ አዲስ ህግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ጁላይ 1፣ ሜሪላንድ ደግሞ ኦክቶበር 1 ነው። ስለዚህ የዘንድሮውን አረጋግጡ።

ከዝርዝሩ ውጪ መሆን ጥበቃ የለም ማለት አይደለም። በሩ ይለያል እንጂ። ቤዝመንት በክፍል በክፍል የተከራዩ ሁለት ሰዎች ተጣሉ እንበል። አንዱ ሌላውን ቢመታ ወይም ቢያስፈራራ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ተበዳዩ የሚሄደው የቤተሰብ ጉዳይ ወደሚያየው ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የወረቀቱ ስም ራሱ ይለወጣል፤ ፕሮቴክቲቭ ኦርደር (የጥበቃ ትዕዛዝ) መሆኑ ይቀርና ፒስ ኦርደር ይባላል። ከሥራ ቀርቶ፣ ፓርኪንግ ከፍሎ፣ የተሳሳተ መስኮት ላይ ግማሽ ቀን መሰለፍ እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ምልክት ባይኖርም

ቨርጂኒያ ውስጥ የቤተሰብ አባልን መምታት ክላስ 1 ሚስዲሚነር ነው፤ ሚስዲሚነር ቀለል የሚባለው የወንጀል ዓይነት ነው። ጣሪያው 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ቅጣት። በ20 ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ከተፈረደበት ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ የሚባለው ወንጀል፣ ይሆናል። «መምታት» ሲባል ግን ምልክት የሚያስቀር ዱላ ማለት አይደለም። በንዴት ወይም በንቀት የተደረገ ትንሽ መንካት ይበቃል። ገፋ ማድረግ። ፀጉር መጎተት። ፊት ላይ እንትፍ ማለት። ፖሊስ ሲመጣ «ኧረ አልመታኋትም፣ ክንዷን ብቻ ነው የያዝኳት» የሚል ሰው ራሱን የተከላከለ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን አምኖ ነው የጨረሰው።

ሜሪላንድ በበኩሏ ለቤት ውስጥ ዱላ ለብቻው የወጣ የወንጀል ስም የላትም። ሚስቱን የመታ ሰው እንደማንም ሰው በአሶልት፣ ማለትም ሰውን በማጥቃት ወንጀል፣ ይከሰሳል። ሰከንድ ዲግሪ አሶልት እዚያም ሚስዲሚነር ነው የሚባለው። ጣሪያው ግን 10 ዓመት ነው! አንድ ዓይነት ጥፊ፣ አንድ ዓይነት ስም፣ በአንደኛው ወገን 12 ወር፣ በሌላኛው 10 ዓመት። ፍርዱ ሁሌ እዚያ ይደርሳል ማለት አይደለም። «ሚስዲሚነር ነው፣ ቀላል ነው» የሚል ዘመድ ግን ይሄን ይወቅልኝ።

አንገት ማነቅ ሌላ መዝገብ ነው። ሜሪላንድ ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ ፈርስት ዲግሪ አሶልት ውስጥ አስገብታዋለች፤ እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። ቨርጂኒያም ጉዳት ያደረሰ ማነቅን ፌሎኒ ትለዋለች።

እጅ ያላረፈበትም አለ። በሩ ላይ ቆሞ «የትም አትሄጂም» ብሎ በጉልበት ማገት በቨርጂኒያ ህግ የቤተሰብ ጥቃት ትርጉም ውስጥ በስሙ ተጠቅሷል። 911 እንዳትደውል ስልኳን ነጥቆ መወርወር ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ብዙ ወንዶች ይሄኛውን ሲሰሙ ነው «ስልክ? ለስልክ?» ብለው የሚደነግጡት። የስልኩ ዋጋ አይደለም ጉዳዩ። እርዳታ እንዳትጠራ መከልከሉ ነው።

አሁን ደግሞ የሚጠብበት ቦታ። ስድብ ብቻውን የለም። «አንቺ የማትረቢ» እየተባሉ ዓመት ሙሉ መዋረድ፣ የራስን ደሞዝ በካርድ አንድ በአንድ እየተቆጠሩ መኖር፣ ዱላ ወይም ዛቻ ካልተጨመረበት፣ ብቻውን አንቀጹን አይሞላም። ይሄን ስናገር የሚከፋው ሰው ብዙ ነው። እኔንም ይከፋኛል።

«ፈርተሽ ነበር?»

ሀና የምትባል ሴት አስቡልኝ። የፈጠርኳት ሰው ናት፣ ግን ታውቋታላችሁ። ባለቤቷ አልመታትም። ዝቷል። ዳኛው በአስተርጓሚ በኩል «ያን ጊዜ ፈርተሽ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ሀና ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ትላለች። «እኔ? ምን አባቱ ያስፈራኛል!»

አስተርጓሚው ያለችውን ከመተርጎም ሌላ ምርጫ የለውም። ይተረጉመዋል። ዳኛው ይጽፋሉ።

ሀና ፈርታለች። ሦስት ሌሊት ሶፋ ጎትታ በሩ ላይ አስደግፋ ነው የተኛችው። ግን እኛ ጋ «ፈራሁ» ማለት ያሳፍራል፣ ያውም እሱ እያየ፣ ያውም ኋላ ወንበር ላይ የሱ ዘመዶች ተቀምጠው። ዱላ በሌለበት ግን አንቀጹ ፍርሃት ላይ ነው የቆመው። የቨርጂኒያ ቃል፣ በቀላል አማርኛ፣ ሰውየው ያደረገው ነገር የሞት፣ የወሲብ ጥቃት ወይም የአካል ጉዳት ምክንያታዊ ስጋት ፈጥሯል ወይ ነው። ምክንያታዊ ማለት በሷ ቦታ የቆመ ጤነኛ ሰው የሚሰጋው ዓይነት። ሀና ስለ ሶፋው መናገር ነበረባት።

ዛቻችን ራሱ ለትርጉም ያስቸግራል። ስኳር የሰረቀ ልጅ «እገልሃለሁ!» ተብሎ ያድጋል፣ ማንም አይሞትም። «አሳይሻለሁ» ሲተረጎም ምንም ነገር ይመስላል፤ እንግሊዝኛው ውስጥ ፎቶ ሊያሳያት ያሰበ ሰው ሊመስል ይችላል። «ቆይ ብቻ!» ደግሞ ጭራሽ ሁለት ቃል ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ይዞ መቅረብ አይበቃም። ሲዝት ምን እያደረገ ነበር? ከዚህ በፊት ይህንኑ ብሎ ምን አድርጓል? እጁ ላይ ምን ነበር? ለዛቻው ክብደት የሚሰጠው ይሄ ነው።

የተጠመደ ሰው

እንግሊዝኛው ስቶኪንግ ለሚለው ነገር አማርኛ ቁርጥ ያለ ስም የለውም። መከታተል ትላላችሁ፤ እሱ መርማሪ የሚሠራው ነው። ማሳደድ ትላላችሁ፤ እሱ ሩጫ ያለበት ይመስላል። እኔ «መጠመድ» ይቀርበዋል እላለሁ። ባይሞላም። ስም ስለሌለን መሰለኝ ወንጀል የማይመስለን።

ባህላችንም አያግዝም። ልጅቷ እምቢ ስትል «ሴት ሲለምኗት ነው» ይባላል። ሥራ ቦታዋ በር ላይ አበባ ይዞ ሦስት ቀን የቆመ ሰው «ምን ያህል ቢወዳት ነው!» ተብሎ ይደነቅለታል። ቨርጂኒያ ግን የምትቆጥረው ሌላ ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ የተደረገ፣ ወደ አንድ ሰው ያነጣጠረ ድርጊት፣ ያም ሰው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ በምክንያት እንዲሰጋ ያደረገ። አድራጊው ማስፈራራት አስቦ መሆን የለበትም። እንደምትሰጋ ካወቀ፣ ወይም ማወቅ ከነበረበት፣ ይበቃል። «እኔ እኮ ስለምወዳት ነው» የሚለው መልስ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው።

ሁለት ጊዜ መደወል ስቶኪንግ ነው ማለቴ አይደለም። ስጋቱ መኖር አለበት። ነገር ግን ህጉ ውስጥ አንድ ጠቃሚ አረፍተ ነገር አለ። ሰውዬው እንዳይደውል፣ እንዳይከተል በግልጽ ተነግሮት ከዚያ በኋላ ከቀጠለ፣ ያ ራሱ እንደምትሰጋ ማወቁን የሚያሳይ የመጀመሪያ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ «ተወኝ እባክህ» አይበቃም። «ተወኝ»ን በኛ አማርኛ ሰው እየሳቀም ይለዋል። «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትደውል፣ እንዳትጽፍ፣ ቤቴም ሥራዬም እንዳትመጣ» ብሎ አንድ ጊዜ መጻፍ ይሻላል። ከዚያ በኋላ መልስ አለመስጠት። የድምፅ መልእክቱን አለማጥፋት። ብዙ ሰው ተናዶ ብሎክ ከማድረጉ በፊት ቴሌግራሙን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ማስረጃው አብሮ ይሄዳል።

ሜሪላንድ እዚህ ላይ ሰፋ ትላለች። ከስጋት ሌላ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያስከተለ ተደጋጋሚ ድርጊትንም ታስገባለች፤ ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነውን እስከ 12 ወር ነው የምታስቀጣው። በ5 ዓመት ውስጥ ከተደገመ ግን ፌሎኒ ነው። መኪናዋ ሥር ኤርታግ የምትባለውን ትንሽ መከታተያ ደብቆ መከታተልስ? ቨርጂኒያ ለዚህ ለብቻው አንቀጽ አላት። ባልም ቢሆን «መኪናው በኔ ስም ነው» ብሎ ከመጀመሩ በፊት ጠበቃ ቢያናግር ይሻለዋል።

እሺታ ወይስ ጉልበት?

አሁን ከሁሉ የሚከብደው። ቨርጂኒያ አስገድዶ መድፈርን ስትተረጉም መለኪያዋ «ያለ ፈቃድ» የሚለው ብቻውን አይደለም። ከፈቃዷ ውጪ፣ በጉልበት፣ በዛቻ ወይም በማስፈራራት መሆን አለበት። ወይም ደግሞ ራሷን መከላከል በማትችልበት ሁኔታ፣ ለምሳሌ ራሷን ስታ፣ ወይም አእምሮዋ ሊረዳው በማይችልበት። ቅጣቱ ከ5 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ነው። ሜሪላንድም ረጅም ጊዜ ጉልበትን ትጠይቅ ነበር። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ግን ለሰከንድ ዲግሪ አስገድዶ መድፈር ጉልበት የሚለውን አውጥታ መለኪያውን ፈቃድ ላይ አድርጋዋለች። ከወንዙ ማዶና ወዲህ ያለው ትልቁ ልዩነት ይሄ ይመስለኛል። ድንጋጤ አድርቋት ዝም ያለች ሴት ጉዳይ በአንደኛው ወገን «ጉልበቱ ወይም ማስፈራራቱ የቱ ጋ ነው?» ይባላል። በሌላኛው «እሺ ብላ ነበር ወይ?»

«ታዲያ ለምን አልጮኸችም?» የሚል ሰው በየለቅሶ ቤቱ አይጠፋም። የቨርጂኒያ ህግ ለዚህ ሰው መልስ ጽፏል። አቃቤ ህግ መጮኋን ወይም መታገሏን ማሳየት አይጠበቅበትም። ሙሉ መልስ ግን አይደለም፤ አለመታገሏን ተከሳሹ ለመከራከሪያ ሊያነሳው ይችላል። ሜሪላንድም አካላዊ ትግል እንደማያስፈልግ በህግ ጽፋለች።

ባልና ሚስትስ? አገር ቤት በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ህግ አንቀጽ 620 ላይ «ከጋብቻ ውጪ» የሚል ሐረግ አለ። ብዙዎቻችን ያንን ይዘን ነው የመጣነው። ቨርጂኒያ የትዳር ጓደኛ ቢሆንም ባይሆንም ብላ ጽፋለች። ሜሪላንድ ለባልና ሚስት ትታው የነበረውን መከላከያ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ሰርዛዋለች። ሁለቱም ጋ ጋብቻ መልስ አይሆንም።

ከዚህ በታች ያለውም ወንጀል ነው። ቨርጂኒያ በጉልበት፣ በዛቻ ወይም በማታለል የሰውን ጡት፣ መቀመጫ ወይም ብልት፣ በልብስ ላይም ቢሆን፣ ለወሲብ ፍላጎት መንካትን ሴክሹዋል ባተሪ ትለዋለች። ዕድሜን በተመለከተ አጭሩ ይሄ ነው። ሜሪላንድ 16፣ ቨርጂኒያ 18። ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቨርጂኒያ «እሺ ብላኛለች» የሚል ቃል አትሰማም።

ክሱ የማን ነው?

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ ቡና ተፈላ፣ ታረቁ። «በይ ነገ ሄደሽ ክሱን አንሺ።» ብዙ ቤት የሚባል ነገር ነው። ክሱ ግን የሷ አይደለም። መዝገቡ ላይ ከሳሽ ተብሎ የተጻፈው ስቴቱ ነው። ማቋረጥ የሚችለው አቃቤ ህግ ነው። የሷን ሐሳብ ይሰማል፣ ግን ሊቀጥልበት ይችላል። ቨርጂኒያ ፖሊስ በቂ ምክንያት ካገኘ ዋናውን ጥቃት አድራሽ እንዲያስር ነው ህጉ የሚያዘው፣ የተለየ ሁኔታ ከሌለ በቀር። ያኔውኑ ሦስት ቀን ገደማ የሚቆይ የአስቸኳይ ጥበቃ ትዕዛዝ ይመጣል። ትዕዛዙ ግንኙነት ከከለከለ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰው በኩልም ነው የሚከለክለው። ሰውዬው የላካቸው ሽማግሌዎች በሯን ሲያንኳኩ ለሱ ሌላ ክስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። አባቶችን ለማስቀየም አይደለም የምለው። አይቼ ነው።

የጥበቃ ትዕዛዝና የወንጀል ክስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለትዕዛዙ ዳኛው ሚዛኑ ወደሷ ትንሽ ካጋደለ ይበቃል። ለወንጀሉ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ በወንጀሉ ነጻ የወጣ ሰው ትዕዛዙ ሊጸናበት ይችላል። ለማመልከት ገንዘብ አይከፈልም። ማታ ከሆነ ማመልከቻውን የሚያይ ሹም አለ፤ ቨርጂኒያ ማጂስትሬት፣ ሜሪላንድ ኮሚሽነር ይባላል።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ሦስተኛ ህግ ይጠብቀዋል። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ህግ በቤት ውስጥ ጥቃት፣ በስቶኪንግ ወይም የጥበቃ ትዕዛዝ በመጣስ ሰውን ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። «እመን፣ እስር የለውም፣ ክላስ ተምረህ ትወጣለህ» የሚባለው ስምምነት ስቴቱ ጋ የተዘጋ መዝገብ ቢመስልም፣ ኢሚግሬሽን ጋ እንደ ጥፋተኝነት ሊቆጠር ይችላል። እ.ኤ.አ. 2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተከሳሽ ጠበቃ ይህን አስቀድሞ መንገር እንዳለበት ወስኗል። ጠይቁት። ለተበዳይዋም በዚያው በፌዴራል በኩል መንገድ አለ። ባሏ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ እሱ ሳያውቅ ራሷ ማመልከት የምትችልበት። «ወረቀትሽን አስቀድደዋለሁ» የሚለው ዛቻ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። 1-800-799-7233 ብላ ብትደውል ስለዚህም፣ ስለ መጠለያም የሚያነጋግራት ሰው ታገኛለች፣ በአስተርጓሚም።

ወደ ድልድዩ እንመለስ። ትርጉሙ ወንዙን አይሻገርም ብያለሁ። የጥበቃ ትዕዛዙ ግን ይሻገራል። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በፌዴራል ህግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአግባቡ የተሰጠ ትዕዛዝ አሌክሳንድሪያም ይሠራል፣ እዚያ ያለው ፖሊስም ያስፈጽመዋል። ኮፒውን ቦርሳ ውስጥ፣ ፎቶውን ስልክ ላይ መያዝ ነው። የሜሪላንዱ በአብዛኛው እስከ 1 ዓመት፣ የቨርጂኒያው እስከ 2 ዓመት ይቆያል። የሚያበቃበት ቀን ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ይራዘምልኝ የሚል ሰው ከዚያ ቀን በፊት ነው መመለስ ያለበት፣ ወደሰጠው ፍርድ ቤት።